ደመወዝ የማይጠይቀው ሰውዬ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የጋሽ መነጽር ጆሮ ግን በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ባዳነቱን ትቶ የሥጋ ዘመድ ሆነለት። ቀኝ ጉንጩን ተላጭቶ፣ ግራው ገና በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ወዲያ ልጁ ከባሏ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማት። በማለዳ የመጣችው ቤት ለማጽዳት መስሎት ነበር።

«አገኘኸው? እውነትህን ነው? ያንን ጥቁርና ነጩን፣ የአርጀንቲናውን?» ትላለች። «ከሥሩ ጽሑፍም አለው? በእኛ ቋንቋ? እሰይ! እንግዲያው አንድ ቃል አያመልጠንም። አሥር ሰዓት ላይ ይዘኸው ና። ዛሬ እኮ ከተጋቡ ሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። አባዬማ ደስታውን አይችለውም።»

አባዬ በእርግጥም አልቻለውም። ምላጩ አገጩ ላይ ዘለለ። ደሙን በወረቀት ቁራጭ አብሶ፣ የቀረውን አረፋ በፎጣ ጠርጎ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ግራ ጉንጩ ሳይላጭ መቅረቱን ልብ አላለም፤ ጉንጭ የሚታሰብበት ሰዓት አልነበረም።

የሰፈሩ ሰው ጋሽ መነጽር የሚለው መነጽር ሠሪ ስለሆነ ነው። አርባ ዓመት ያህል የሰው ዓይን ሲለካና ሌንስ ሲሞርድ ኖሯል፤ በሙያው የሚያማው የለም። የሚታማበት ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ እሱንም ከራሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ስፓኒሽ አይችልም። አለመቻል ነውር አይደለም፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ አይችልም። ነውሩ ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በፊት እችላለሁ ማለቱ ነው። ያኔ በሰው ሱቅ ተቀጥሮ መነጽር ይወለውል ነበር። ከሱቁ ፊት ለፊት ደብተርና እርሳስ የምትሸጠውን ልጅ ሲኒማ ለመጋበዝ ሦስት ወር ሙሉ ድፍረት ሲያጠራቅም ከርሞ፣ ድፍረቱ የሞላ ዕለት የሚታየው ፊልም ያ ሆነ፤ ያኔም ያረጀ፣ ምንም የትርጉም ጽሑፍ የሌለው፣ የአርጀንቲና የፍቅር ኮሜዲ። «ቋንቋውን ሳላውቅ ምን ይሠራልኛል?» ስትለው፣ «እኔ አውቀዋለሁ፣ እነግርሻለሁ» አላት። የሚያውቀው አሥራ አንድ ቃል ነበር። አሥራ አንዱንም ያገኛቸው ከሌንስ ካታሎግ ላይ ነው፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ብሎን፣ የመሳሰሉትን።

ጨለማው ውስጥ ልጅቷ «ምን አለ?» ባለች ቁጥር የመጣለትን ነገራት። ባርኔጣ ያደረገውን ቀጭን ሰውዬ ደሃ የፒያኖ አስተማሪ አደረገው፤ ነጭ ቀሚስ የለበሰችውን ሴት ተማሪው፣ ቦርጫሙን ባለጺም ጨካኝ አባቷ። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ላብ በላብ ሆኖ ሲፈጥር ቆየ። ወደ መጨረሻው ላይ ባለባርኔጣው ደረጃ ላይ ቆሞ ወደ ሴትየዋ ጎንበስ ሲል፣ «ምን አለ?» አለችው እንደገና። በራሱ ስም ቢሆን በሰይፍ ቢያስፈራሩት የማይወጣውን ቃል በሰውዬው አፍ አወጣው። «አንቺን ማየት ሥራዬ ቢሆን ደመወዝ አልጠይቅም ነበር» አላት። ልጅቷ አለቀሰች። በዓመቱ ተጋቡ።

እስከዚህ ድረስ ለወሬ የሚያምር ነገር ነው። ጉዱ የመጣው ከሠርጉ በኋላ ነው፤ ያ ባለባርኔጣ አብሯቸው ቤት ገባ። ጋሽ መነጽር ሾርባውን ጠጥቶ «ምንም አይልም» ሲል፣ «ያ ሰውዬ ቢሆን ምን ይል እንደነበር ታውቃለህ?» ትለዋለች። አዲስ ቀሚስ ለብሳ ሳያያት ሲያልፍ፣ «ያኛውስ ደመወዝም አልጠየቀ» ትላለች። ልጃቸውን ሲድሩ እንኳ አማቿን ጥግ ይዛ የመከረችው ያንኑ ቃል ነው። ሰው በጎረቤቱ ይቀናል፣ በባልንጀራው ይቀናል፤ ጋሽ መነጽር ግን ራሱ ቃል ባጎረሰው ሰው ሠላሳ ስምንት ዓመት ቀና። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰሞን ደግሞ ብሶበት ባርኔጣ ገዛ። አድርጎት ሲገባ ሚስቱ ቀና ብላ አይታው፣ «ለፀሐዩ ነው? ጥሩ አደረግህ» አለችው። ባርኔጣው ዛሬም ቁም ሳጥኑ ላይ አቧራ ይጠጣል። እውነቱን ሊነግራት ብዙ ጊዜ ቃጥቶት ያውቃል። ግን የወደደችው ያንን ሰውዬ ነው። «ሰውዬው ውሸት ከሆነ እኔ ምኗ ልሆን ነው?» ይልና ይተወዋል።

ሊወጣ ሲል ሚስቱ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። «ዛሬ መነጽሬን ይዘህ እንደምትመጣ ነግረኸኛል» አለች ወደ እሱ አቅጣጫ እያየች። ወደ አቅጣጫው መሆኑ ነው እንጂ እሱንማ አታየውም። ከዘጠኝ ቀን በፊት መነጽሯን ሶፋ ላይ ረስታ ተቀምጣበት ሁለቱም ሌንሶች እንክትክት ብለዋል፤ ከዚያ ወዲህ ስኳርና ጨው በጣት እየቀመሰች ነው የምትለየው። «ዛሬ ያልቃል» አላትና እግሬ አውጪኝ አለ።

ሱቁ ከመድኃኒት ቤትና ከጫማ አዳሽ መካከል የተሰነቀረች፣ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ የሚጠብቅባት ክፍል ናት። አንድ መስታወት፣ አንድ የፊደል ሰሌዳ፣ ከርከር የሚል የመሞረጃ ማሽን አላት። ከበሩ በላይ በራሱ እጅ የጻፈው ማስታወቂያ አለ፤ «የተጠናቀቀ መነጽር እዚህ አያድርም» ይላል። ይህ ኩራቱ ነው። ደንበኛው መምጣት ካልቻለ ማታ ቤቱ ድረስ ወስዶ አፍንጫው ላይ ያስቀምጥለታል። የሚስቱ ሌንሶች ትናንት ደርሰዋል፤ የቀረው ፍሬሙ ውስጥ መግባት ብቻ ነበር። ኮቱን ሰቅሎ ተቀመጠና ዳር ዳራቸውን ሞርዶ፣ ገጥሞ፣ የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቆ፣ በብርሃን ላይ አየው። ሥራ ማለት ይህ ነው። እንዲህ የጠራ ለማንም ሠርቶ አያውቅም።

ሐሳቡ የመጣው ያን ጊዜ ነው። መነጽር ከሌላት ጽሑፉን አታነብም። ጽሑፉን ካላነበበች ባለባርኔጣው ያለውን እንዳለ ይቀራል። መነጽሩን በጨርቅ ጠቀለለና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ከዚያ መሳቢያውን ቆለፈው፣ መነጽሩ በራሱ ተነሥቶ ወደ ቤት እንዳይሄድ ይመስል።

ቁልፉን ከኪሱ ሳያደርስ ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት መነጽራቸውን ሊወስዱ ገቡ። አደረጉት፤ ሰሌዳውን እስከ ታችኛዋ ረድፍ አነበቡት፤ ከዚያ ማስታወቂያውን ቀና ብለው አዩ። «እንዲህ ያለ ሕግ ያለው ባለሙያ የት ይገኛል?» አሉ። «እህቴ ከሌላ ሠሪ ዘንድ ሦስት ሳምንት ጠብቃለች። ሰው ሳያይ አንዲት ሌሊት ማደር ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው የለም። አንተን እግዜር ይስጥህ።» ጋሽ መነጽር «አሜን» አለ ወደ መሳቢያው ላለማየት ጣሪያ ጣሪያ እያየ። መምህርቷ ሊወጡ ሲሉ መለስ ብለው ፊቱን በአዲሱ መነጽር አጠኑትና፣ «ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ነው የሚታየኝ» አሉ፤ «ያለቀውም፣ ግማሹ የቀረውም።» ስለ ጉንጩ መሆኑ አልገባውም። ስለ ነፍሱ መሰለው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ አንዲት ብሎን ለማንሣት አራት ጊዜ ጎነበሰ።

ስምንት ሰዓት ላይ ዘጋ። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ደርሶ ተመለሰ፣ ከፈተ፣ መነጽሩን ከመሳቢያ አውጥቶ ኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ አደረገው። ሊሰጣት አስቦ አይደለም። ማስታወቂያውን ላለመዋሸት ነው፤ መነጽሩ እዚያ አያድርም። ሰው አንዴ መዋሸት ከጀመረ ለግድግዳ እንኳ ምክንያት ያቀርባል።

ቤት ሲደርስ ሳሎኑ ተለዋውጧል። ልጁ ሶፋውን ገፍታ ቴሌቪዥኑ ፊት አድርጋዋለች፤ ብስኩት በሳህን፣ ሻይ በፔርሙስ፣ አዲስ የሶፋ ልብስ። መጋረጃው ተዘግቷል፣ ሲኒማ እንዲመስል። የኮምፒውተር ጠጋኙ አማቹ ሽቦ ለሽቦ ሲያገናኝ ቆይቶ፣ «አባባ፣ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ፤ ዛሬ እኛ ነን የምንጋብዝዎ» አለ። ልጁ የአባቷን ግራ ጉንጭ አየች፣ ቀኙን አየች፣ ምንም አላለችም። በዚያ ቤት ነገር ሲያዩ ዝም ማለት የቆየ ልማድ ነው። ሚስቱ እጇን ዘረጋች።

«መነጽሬስ?»

«ብሎኗ... አንዲት ብሎን ጠፋች» አለ። «ሰኞ ትመጣለች። ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

መነጽር ሠሪ በዓይኑ ሲምል ነገሩ ከባድ መሆኑን ማንም ሊጠረጥር በተገባ ነበር። እሷ ግን ተነፈሰችና፣ «የመነጽር ሠሪ ሚስት ሆኜ በዳበሳ ልኑር እንግዲህ» ብላ ሶፋው መሃል ተቀመጠች። ስለ ፊልሙ ስትሰማ ግን ሁሉንም ረሳችው። «ያ? ያ ራሱ?» አለች እንደ ልጅ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ። «እኔማ በሕይወት እያለሁ ዳግም አየዋለሁ ብዬም አላስብ!»

ሙዚቃው ተንቋቋ፤ የተዋናዮቹ ስም መጣ፤ ፒያኖ ያለበት ሰፊ ክፍል ታየ። «እማዬ አይዞሽ፣ እኔ አነብልሻለሁ» አለች ልጁ። ጋሽ መነጽር ደርቆ ቀረ። ከጠዋት ጀምሮ ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ማንበብ የሚችል ሰው ጮክ ብሎ ማንበብም እንደሚችል አንዴም አልታየውም። የሰውን ዓይን ሲጠግን የኖረ ሰው አጠገቡ ያለውን እንዲህ ሳያይ ይቀራል። ያዳነችው ሚስቱ ናት፣ ማዳን ከተባለ። «አንቺ ምን ያደክምሻል?» አለች። «ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ጎኔ ተቀምጦ! ጽሑፍ ያሳጥራል። እንደ ያኔው አባትሽ ይንገረኝ።»

ባለባርኔጣው በሩን ከፍቶ ገባ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ፦ የፍርድ ቤቱን ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ፤ ፒያኖው የእኔ ነው፣ ይላል።

«ምን አለ?»

«እመቤት፣ ፒያኖ ላስተምርዎ መጣሁ ነው የሚለው» አለ ጋሽ መነጽር።

ልጁ ቀስ ብላ ዞረች። አማቹ ስክሪኑን አየ፣ ጋሽ መነጽርን አየ፣ እንደገና ስክሪኑን አየና፣ «አባባ፣ ጽሑፉ ተሳስቶ ይሆናል፤ ሌላ ልፈልግ እንዴ?» ሲል ልጁ እግሩን ረገጠችው።  ፊልሙ ቀጠለ፤ ጋሽ መነጽርም ቀጠለ። የባሰው ነገር እያነበበ መናገሩ ነበር። አፉ የድሮውን ውሸት ሲያወራ ዓይኑ አዲሱን እውነት ይሰርቃል። ቦርጫሙ ባለጺም አባቷ አይደለም፤ ጠበቃ ነው። ባለባርኔጣውና ባለነጭ ቀሚሷ ፍቅረኞች አይደሉም፤ ሰባት ዓመት በጋብቻ ኖረው የተፋቱ ናቸው። የሚጣሉት ሁለቱም መጫወት በማይችሉት ፒያኖ ነው። እሱ ለመውሰድ ሰበብ ይዞ ይመጣል፣ እሷ ላለመስጠት ሰበብ አዘጋጅታ ትጠብቀዋለች፤ ሁለቱም ሳይናገሩ የሚመላለሱት ለመተያየት ነው። በሃያ አራት ዓመቱ ባልና ሚስት አይቶ አላወቃቸውም ነበር። የሚጨቃጨቅ ሰው ሁሉ ባዳ ይመስለው ነበር። ፊልሙ እሱ ከፈጠረው ይሻላል፤ ይህም አበሸቀው።

እያነበበ ሲሳሳት ሚስቱ ታርመዋለች። «ኧረ እዚህ ጋ ስለ እናቱ ነው ያወራው፤ ረሳኸው እንዴ?» ትላለች። አንድም አልጠፋባትም። እሱ በጨለማ ውስጥ እንደ ወረደለት የዘባረቀውን እሷ ቃል በቃል ይዛ ኖራለች። ልጁ ከዚያ ወዲያ ስክሪኑን ማየት ትታ አባቷን ነበር የምታየው። በዚህ ታሪክ ያደገች ናት፤ በሠርጓ ቀን ሰምታዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ «አባዬ» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና፤ ከዚያ ብስኩቱን አነሣችና ሳትበላው መልሳ አስቀመጠችው።

ደረጃው መጣ። ሚስቱ የጋሽ መነጽርን እጅ ጨበጠች። «አሁን ነው። ዝም በሉ» አለች። «ስሚ፣ ልጄ፤ ሁልጊዜ የምልሽ ይህንን ነው።» ባለባርኔጣው ደረጃው ላይ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ወደ ሴትየዋ ጎንበስ አለ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጽሑፉ መጣ፦ ፒያኖው በደረጃው አይወርድም። መስኮቱን ማፍረስ አለብን።

«ምን አለ?»

ድምጿ የያኔው ነው። ቃሉም የጋሽ መነጽር ምላስ ጫፍ ላይ ነው፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የተወለወለ ቃል ነው። ዞር ብሎ አያት። ዓይኖቿን አጥብባ፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ አንገቷን ወደ ደበዘዘው ብርሃን አስግጋ ትጠብቃለች። ዓይን ማጥበብን ማወቅ ሙያው ነው፤ ሰው እንዲህ የሚያደርገው መነጽር ሲያጣ ነው። ያሳጣት እሱ ነው። እንዲህ አምና ስትጠብቀው፣ ዕድሜውን ሙሉ በማያውቀው ሰው ላይ እንኳ ያላደረገውን በእሷ ላይ እንዳደረገ ገባው፤ አፈረ።

«አቁመው» አለው አማቹን።

ኮቱ ውስጥ እጁን ከተተ። መነጽሩን ከጨርቁ አወጣ፣ እፍ ብሎበት ወለወለው፣ አፍንጫዋ ላይ አስቀመጠላት፣ ክንዶቹን ከጆሮዋ ኋላ አደላደለ።  «አንብቢው» አላት።

አነበበችው። መጀመሪያ በልቧ፣ ቀጥሎ ጮክ ብላ። «ፒያኖው በደረጃው አይወርድም። መስኮቱን ማፍረስ አለብን።» ቆም ብላ ደገመችው፣ በሁለተኛው ሌላ ነገር ይል እንደሆነ።

«ይሄን ነው ያለው?»

«ይሄን ነው።»

«ያኔም?»

«ያኔም።»

«ስፓኒሹስ?»

«ግራ፣ ቀኝ፣ ብሎን» አለ ጋሽ መነጽር። «ሌሎችም ስምንት አሉ።»

«ሰኞ የምትመጣዋ ብሎን ናት?»

 አማቹ ሪሞቱን እንደ ትኩስ ድንች ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠ፣ «አባባ፣ ልቀጥለው?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ ተነሥታ የምትሠራው ስታጣ መጋረጃውን ከፈተችው። የአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ፀሐይ ሳሎኑን ሞላው፤ ስክሪኑ ላይ ባለባርኔጣው አፉን እንደከፈተ ፈዝዞ ቀረ።

«እንግዲያው ያንን ያለው ማን ነው?» አለች ሚስቱ።

«የቱን?»

«የቱን ትለኛለህ? ሥራዬ ቢሆን ያለው፤ ደመወዝ ያለው።»

«እኔ ነኝ» አለ፤ ዕቃ ሰርቆ እንደተያዘ ሰው።

የሚመጣውን ቁጣ ለመቀበል ትከሻውን ሰበሰበ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት!» አለች። «ይህን ሰውዬ ሳመሰግነው፣ ስመርቀው፣ ከአንተ ሳስበልጠው፣ አንተ ዝም ብለህ ሾርባህን ትጠጣለህ?»

«ቀንቼበት ነበር እኮ» አለ ጋሽ መነጽር። ከዚህ የባሰ ሊዋረድ ስለማይችል የቀረውንም ዘረገፈው። «ባርኔጣም ገዛሁ።»

«ያ ባርኔጣ ለዚህ ነው?»

ልጁ መስኮቱ ጋ እንደቆመች ሳቋ አመለጣት፤ አፏን በመጋረጃው ሸፈነች። ሚስቱ ግን አልሳቀችም። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት አድርጋ ታየው ነበር፤ የተቆረጠውን አገጩን፣ ላብ የያዘውን ግንባሩን፣ ሽበቱ የወጣውን ግራ ጉንጩን። እጇን አንሥታ ያልተላጨውን ጉንጭ ነካችው።

«ግማሹን ሳትላጭ ነው የዋልከው» አለች። ከዚያ ድምጿ ሌላ ሆነ። «ለካ ትችልበታለህ። ታዲያ ከዚያ ወዲህ ለምን ዝም አልክ?»

 ሲዋሽ ትቆጣኛለች ብሎ ፈርቷል፣ ትስቅብኛለች ብሎ ፈርቷል፤ ይህን ጥያቄ ግን አንድም ቀን አልፈራውም። ስክሪኑን አየ። ባለባርኔጣው አፉን ከፍቶ ቆሟል፣ የሚያበድረው ቃል የለውም። ኖሮትም አያውቅም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንቺን ማየት...» አለ ወለሉን እያየ።

«አልሰማም» አለች። «አሁን እኮ ጨለማ አይደለም።»

ቀና አለ። አዲሱን መነጽር አየው፣ ከኋላው ያሉትን ዓይኖች አያቸው።

«አንቺን ማየት» ብሎ ጀመረ ጋሽ መነጽር፣ ጮክ ብሎ፣ አማቹ ፊት፣ በፀሐይ ብርሃን፣ አንድ ጉንጩን እንዳልተላጨ።